በቆቦ ቆላ የተቆለፈው ፓምፕ

ከደሴ የተነሣሁት በጥር ወር አንድ ሰኞ ማለዳ ነው። ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ካለፈ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። ሙያዬ የኤሌክትሪክ ቴክኒሺያን ቢሆንም የተላክሁት ለጥገና አልነበረም። መንግሥት በራያ ቆላ ለመስኖ ጥልቅ ጉድጓዶች አስቆፍሮ በየጉድጓዱ ላይ በራሱ የሚያስብ የፓምፕ መቆጣጠሪያ ሣጥን አስተክሎ ነበር። ሣጥኑ ትንሽ ስክሪን አለው፤ የመብራቱን ኃይል እየለካ ሞተሩን ያበራል፣ ያጠፋል። የእኔ ተልእኮ እየዞርሁ ሣጥኖቹን መመዝገብ ነበር።

አለቃዬ ላፕቶፑን ሲያስረክበኝ፣ “የሣጥኖቹን ማኅተም እንዳትነካ” አለኝ። “የመጠገን ውል ያለው አስመጪው ድርጅት ብቻ ነው። አንተ መዝግብ፣ ፎርሙን ሙላና ተመለስ።”

የተሳፈርሁት ሚኒባስ መርሳ ላይ ለቁርስ ቆመ። ከወልዲያ ወዲያ መንገዱ ወደ ቆላው ሲወርድ ካፖርቴን አወለቅሁ። ጎብዬ ስንደርስ ገበያ ስለነበር አህያና ግመል እስኪያልፍ ድረስ አስፋልቱ ላይ ቆየን። ማሽላው ታጭዶ አገዳው በየደጁ ተከምሯል። ሮቢትን አልፈን ቆቦ የገባነው ከቀትር በኋላ ነው። በሠላሳ ብር አልጋ ያዝሁ። ክፍሉ መስኮት ስላልነበረው ሌሊቱን ሙሉ በላብ ተጠምቄ አደርሁ።

ማክሰኞ፣ ከቆቦ ወደ ሰሜን

በማግሥቱ ባጃጅ ተከራይቼ ወደ ዋጃ በሚወስደው መንገድ ወጣሁ። ከአስፋልቱ ተገንጥለን ጥቂት እንደሄድን የመጀመሪያውን ጉድጓድ አገኘን። በቆርቆሮ የተሠራችው የፓምፕ ቤት በር ላይ ሦስት ሰዎች ቆመው ይጠብቁኝ ነበር።

አንደኛው የመስኖ ተጠቃሚዎች ማኅበር ሊቀ መንበር አቶ ሁሴን ናቸው፤ ሸምገል ያሉ፣ ረጋ ብለው የሚናገሩ ሰው። ሁለተኛው የፓምፑ ኦፕሬተር መሐመድ ነው። ዕድሜው ሠላሳ ያህል ይሆናል፤ በቆቦ የቴክኒክ ትምህርት ተከታትሏል። ሦስተኛዋ ወይዘሮ ለተብርሃን ይባላሉ። ቤተሰባቸው ከደቡብ ትግራይ መጥቶ እዚህ የቆየ ነው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ መሬታቸውን የሚያለሙት ራሳቸው ናቸው።

“አልሐምዱሊላህ፣ መጣህልን” አሉ አቶ ሁሴን። “ውሃ ካየን ዛሬ ዘጠነኛ ቀናችን ነው።”

መሐመድ ስክሪኑን አሳየኝ። የመብራቱ ኃይል ሦስት ጊዜ ስለወረደ ሣጥኑ ሞተሩን ለማዳን ራሱን ቆልፏል። የሚከፈተው በምስጢር ቁጥር ነው። ቁጥሩ ደግሞ የአስመጪው ባለሙያዎች ዘንድ እንጂ መሐመድ ዘንድ የለም።

“ቁጥሩን ጠይቀሃል?” አልሁት።

“ወረዳ ሄድሁ። ወረዳ ለዞን ጻፈ። ዞን የሁሉም ጉድጓድ መረጃ ተጠቃሎ ሳይደርሰን ድርጅቱን አንጠራም አለ።” ላፕቶፑን በዓይኑ አመለከተ። “መረጃው የተባለው ያንተ ፎርም ነው።”

ፎርሙን ከፈትሁ። ሣጥኑ በቦታው አለ? ማኅተሙ አልተነካም? መለያ ቁጥሩ ስንት ነው? እስከ መጨረሻው ወርጄ ፈለግሁ። ውሃ ይወጣል ወይ የሚል ጥያቄ አልነበረም።

ወይዘሮ ለተብርሃን ማሳቸውን ሊያሳዩኝ ወሰዱኝ። የቀይ ሽንኩርቱ ቅጠል ጫፉ ቢጫ ሆኖ ተጎንብሷል። የጠብታ መስኖው ጥቁር ቱቦ በየመደቡ ተዘርግቶ ፀሐይ ይመታዋል። ዱሮ ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ወደ ማሳው የሚያገባ ቦይ እንደነበራቸው ነገሩኝ። ቱቦው ሲመጣ መሬቱ በፕላኑ መሠረት ቀጥ እንዲል ተብሎ ቦዩ ተደፈነ።

“አይሆንም ያለ መሬቱ ከፕሮጀክቱ ይወጣል አሉን” አሉ። “እኔም እሺ አልሁ። የመጀመሪያው ዓመት እውነትም ጥሩ ነበር። በዘመኔ እንዲያ ያለ ሽንኩርት አላየሁም። ወደይ፣ ባለሙያዎቹ አሁን በስንት ቀን ይመጡ ይሆን?”

ወደይ በትግርኛ ልጄ ማለት ነው። እንደማላውቅ ነገርኋቸው።

ወደ ፓምፑ ቤት ተመልሼ ለአለቃዬ ደወልሁ። ሣጥኑን ሳልከፍት፣ ወደ እሱ በሚገቡት ሽቦዎች ላይ ያለውን ማኅተም ብቻ አንሥቼ ሞተሩን በቀጥታ ማስነሣት እንደምችል አስረዳሁት። አንድ ሰዓት አይፈጅም አልሁት።

“ከነካኸው ዋስትናው ይወድቃል። በኃላፊነት የምትጠየቀው አንተ ነህ” አለና ዘጋው።

አቶ ሁሴን የአለቃዬን መልስ ከፊቴ ላይ አንብበው ወደ ቀትሩ የዙሁር ሶላት ሄዱ። መሐመድና እኔ ብቻችንን ቀረን። ሁለታችንም ሣጥኑን እናያለን። በኋላ እስክሪብቶዬን አወጣሁና ወደ ሣጥኑ ከሚገቡት ሽቦዎች ሁለቱ ላይ ጠቆምሁ።

“እኔ ብሆን ይህንን ከዚህ ጋር ነበር የማገናኘው” አልሁ።

መሐመድ ጠጋ አለ። እስክሪብቶው ያረፈበትን ቦታ ደጋግሞ አየ።

ማለት የነበረብኝ ሌላ ነገር ነበር። እንዲህ የተነሣ ሞተር ጠባቂ የለውም፤ መብራቱ በደከመ ጊዜ ሰው አጠገቡ ሆኖ ወዲያው ማጥፋት አለበት። ይህን አውቅ ነበር። ያን ከተናገርሁ ግን እየጠቆምሁ ሳይሆን እያስተማርሁ መሆኔ ነው ብዬ ፈራሁ። ላፕቶፑን ዘግቼ ባጃጁ ውስጥ ገባሁ።

ዋጃ

ሦስት ቀን ዋጃ ሰንብቼ በአካባቢው ያሉትን ጉድጓዶች መዘገብሁ። ግማሾቹ ይሠራሉ። የማይሠሩትም ሣጥናቸው በቦታው አለ፣ ማኅተሙም አልተነካም። አንዱ ፓምፕ ቤት ውስጥ ፍየሎች ተኝተው አገኘሁ። በፎርሙ ላይ ግን ሁሉም ደኅና ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ምግብ ቤት ቁጭ ብዬ ፍርፍር ስበላ፣ ከነአቶ ሁሴን ሰፈር የመጣ አንድ ሽንኩርት ነጋዴ ውሃው ተለቅቋል ሲል ሰማሁ። ሰዎቹ ሌሊትም ሳይተኙ ተራ ይዘው እያጠጡ ነው አለ። በጣም ደስ አለኝ። ሌላ ሻይ አዘዝሁ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ዋጃ ላይ መብራት እየደከመ ይመለስ ጀመር። የምግብ ቤቱ አምፖል ቀይ ፍም መስሎ ቆየ። ሥልኬን አንሥቼ የመሐመድ ቁጥር እንደሌለኝ ትዝ አለኝ። የአቶ ሁሴን ሥልክ ዝግ ነበር። ባጃጅ ፍለጋ ወጣሁ፤ እስኪመሽ ፈልጌ አላገኘሁም።

ቅዳሜ፣ ቆቦ

በማለዳ ስደርስ የፓምፑ ቤት በር ላይ ሰው ተሰብስቧል። የተቃጠለ ሽቦ ሽታ ከውጭ ይሰማል። መሐመድ ሦስት ቀን ሙሉ ሞተሩን ሲጠብቅ ቆይቶ ለጁምዓ ሶላት በሄደበት ሰዓት ነበር መብራቱ የወረደው። ሞተሩ ነድዷል። ቀበሌው የመንግሥት ንብረት ማኅተም ሰብሮ አወደመ ብሎ አሳልፎ ሰጥቶታል፤ ሌሊቱን ያደረው ቆቦ ፖሊስ ጣቢያ ነው።

ጣቢያው ስደርስ ምርመራ የያዘው ፖሊስ መታወቂያዬን አየና፣ “ጥሩ ነው፣ ባለሙያ አገኘን” አለ። “ማኅተሙ መሰበሩን አይተህ ፈርምልኝ።” ከዚያ ቀና ብሎ፣ “ከመሄድህ በፊት እንዴት እንደሚገናኝ የነገርኸው ነገር አለ?” ሲል ጠየቀኝ።

መሐመድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። እኔ አፌን ሳልከፍት እሱ መለሰ።

“እሱ አልነገረኝም። የሣጥኑን መለያ ቁጥር ጽፎ ሄደ። ትምህርት አለኝ፣ ራሴ ነኝ ያገናኘሁት።”

ፖሊሱ እኔን እያየ ጠበቀ። ቤት ኪራዬን፣ ሁለት ልጆቼን፣ የአለቃዬን ድምፅ አሰብሁ። ወረቀቱን ሳብሁና ፈረምሁ። ስወጣ መሐመድ በጭንቅላቱ ሰላምታ ሰጠኝ። ዛሬም ያ ሰላምታ ከሁሉ ይከብደኛል።

ወደ መናኸሪያ ስሄድ ወይዘሮ ለተብርሃንን አስፋልቱ ዳር አየኋቸው። ሳይደርስ የተነቀለ፣ ጣት የሚያክል ሽንኩርት በጆንያ ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ሦስት ቀን የጠጣው ውሃ አላዳነውም። እኔን ሲያዩ ከሽንኩርቱ አንድ እፍኝ አንሥተው፣ “ለልጆችህ ውሰድ” አሉኝ። አልወስድም ማለት አልቻልሁም።

ደሴ

ማታ ቤቴ ገብቼ ሁሉንም ለባለቤቴ ነገርኋት። ሰምታ ስትጨርስ፣ “ፖሊሱ ሲጠይቅህ አንተ ምን አልህ?” አለችኝ።

ሰኞ ጠዋት ሽቦውን የጠቆምሁት እኔ መሆኔን በእጄ ጽፌ ከፎርሙ ጋር ለአለቃዬ ሰጠሁ። ፎርሙን አስቀርቶ ደብዳቤውን መለሰልኝ። “ይህን ማንም አልጠየቀህም” አለኝ። ቅጂውን ለቆቦ ጣቢያ በፖስታ ላክሁት፤ ይድረስ አይድረስ አላወቅሁም። መሐመድ ከቀናት በኋላ በዋስ መለቀቁን፣ ከሥራው ግን መባረሩን ሰማሁ።

ከመንግሥት የመጣ ማሽን ሁሉ ክፉ ነው ብዬ አልተመለስሁም። የመጀመሪያውን ዓመት ሽንኩርት ሰዎቹ ራሳቸው መስክረውልኛል። ሣጥኑም ሞተሩን የቆለፈው በምክንያት ነበር። ግን መመሪያውን ያወጡት ሰዎች ከማሽኑ አጠገብ የሚውለውን ሰው አላመኑትም። እኔም ከዚያ ሰው ጋር ቆሜ የማውቀውን ግማሽ ብቻ ነገርሁት። እነሱ ቁጥሩን እንደከለከሉት እኔም ማስጠንቀቂያውን ከለከልሁት።

በሚቀጥለው ዓመት መመሪያው ተለወጠ፤ የምስጢር ቁጥሩ ለየማኅበሩ ኦፕሬተር ይሰጥ ተባለ። ደስ ብሎኝ ለአቶ ሁሴን ደወልሁ። አዲስ ሞተር መተከሉን፣ ቁጥሩም በታሸገ ፖስታ መምጣቱን ነገሩኝ።

“መሐመድን መልሳችሁ ቅጠሩታ” አልኋቸው።

“መሐመድ በአፋር በኩል ባሕሩን ተሻግሮ ሳዑዲ ገብቷል። ፍየል ይጠብቃል አሉ” አሉኝ። “ፖስታው እኔ ቤት ነው። ከፍቼ ለማን ልስጠው?”