አክታ ተቀባይዋና ዓይን አፋሩ አናጢ

የሳንባ ክሊኒኩ ሰዎች ስሟን ትተው «እንደገና» ይሏታል። የወንድሜ ሚስት ናት፤ ሥራዋ ከሕመምተኞች አክታ መቀበል ነው። ስለ አክታ መጻፍ ደስ እንደማይል አውቃለሁ፤ ግን የእሷን ነገር ያለ አክታ የማወራበት መንገድ አጣሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ እያየች «ይሄ ምራቅ ነው፤ እንደገና!» ስትል ኖራለች። እኛ ቤት ስትመጣም የሻይ ብርጭቆውን እንዲሁ አንስታ ታያለች።

አንድ ቀን አንድ አናጢ መጣ። አምስት ወር ሲያስል ከርሟል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ቢወስድም ሳሉ አልለቀቀውም፤ ልብሱ ሰፍቶታል፣ መጋዝ መግፋት አቅቶታል።

«ሳንባዎ ውስጥ ሻጋታ ሳይኖር አይቀርም» አለው ሐኪሙ። «የሻጋታውን ዘረመል የሚፈልግ መሣሪያ ያለው ዋናው ላቦራቶሪ ነው። እዚያ ሳይረጋገጥ መድኃኒቱን አልቀይርም።»

ናሙና የሚወስደው መኪና ደግሞ የሚመጣው ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነው።

በመጀመሪያው ሐሙስ አናጢው ኩልል ያለ ምራቅ አመጣ።

«ጋሼ፣ መሣሪያው የሚፈልገው ከሳንባ የወጣውን ነው። እንደገና!»

በሁለተኛው ሐሙስ ብልቃጡ በነጭ መሐረብ ተጠቅልሎ፣ እያብለጨለጨ መጣ። ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል።

«በረኪና ነው?»

«ባለቤቴ ናት» አለ አንገቱን ደፍቶ። «'ሰው መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ቆሻሻ ይዘህ ልትሄድ? ምን ይሉኛል?' ብላ ከውጭ አጠበችው። ከውስጥም ትንሽ ጠብ አደረገችበት።»

«እንግዲህ ዘረመሉንም አብራ አጥባዋለቻ!»

«እህቴ፣ ሌላ ሳምንት መጠበቄ እኮ ነው» አለ። ድምፁ ቀጠነ። የወንድሜ ሚስት ያን ቀን «እንደገና» ማለት አቃታት። «ሐሙስ ባዶ እጅዎን ይምጡ፤ እዚሁ እናወጣዋለን» አለችው።

በሦስተኛው ሐሙስ ጓሮ ወስዳ አፉን በውሃ አስጉመጠመጠችው። ጭምብሏን እንዳጠለቀች፣ ነፋሱን ከኋላዋ አድርጋ ቆመች።

«በደንብ ወደ ውስጥ ይሳቡና ያስሉ!»

አሳለ። ደረቱ አንኮራኮረ። ከዚያ ዋጥ!

«ምን አደረጉት?»

«ዋጥኩት።»

«ለምን?»

«ሴት ፊት እንዴት ይተፋል? እናቴ ብታየኝ ትገድለኛለች።»

«እናትዎ አሉ?»

«የሉም። ቢሆንም…»

ናሙና የሚወስደው መኪና ሾፌር ጥሩምባውን ነፋ። «እትዬ፣ ሄድኩ!»

«አንተ ደግሞ ጎማህን ቁጠር!» ብላ ጮኸችበት። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ይኸው ጋሼ፣ አላይዎትም። እንዲህ ነው የሚሳለው» ብላ ራሷ አሳለች። ከጣሪያው ላይ እርግቦች ብር ብለው ተነሡ። አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ትእዛዝ መስሏቸው ሁሉም በአንድ ጊዜ ማሳል ጀመሩ። አናጢው ሳቁ አመለጠው። ሳቁ ወደ ሳል ተቀየረ፤ ሳሉም ከታች፣ እሱ ራሱ ከማያውቀው ቦታ መጣ።

«እንዳይውጡት!» አለች ግድግዳውን እንዳየች።

«እንዳይውጡት!» አሉ ተራ ጠባቂዎቹ።

ስትዞር ብልቃጡ ውስጥ ወፍራም፣ ቡናማ ነገር ነበር። ወደ ብርሃን አነሣችው። «ወርቅ!» አለች። ክዳኑን ጥብቅ፣ ወረቀቱን ልጥፍ አድርጋ በረዶ ሣጥኑ ውስጥ ከተተችው፤ ሣጥኑን አቅፋም በነጠላ ጫማ ወደ መኪናው ሮጠች።

ሻጋታው ተገኘ። መድኃኒቱም ተቀየረ።

ከወራት በኋላ አናጢው ለክትትል ሲመጣ ጉንጩ ሞልቶ ነበር። ጓሮ ቆሞ አሳለ፤ ምንም የለም። እሷም አሳለችለት፤ አግዳሚው ላይ ያሉትም አገዙት። ምንም የለም። ባዶውን ብልቃጥ ወደ ብርሃን አንስታ ብዙ ቆየች።

«እንደገና ልሞክር?» አላት።

«ይቅር» አለችው። «ይሂዱና እንጨትዎን ይላጉ።»