ዳገቱን በአይሱዙ

እሁድ እሁድ ሳይክል የሚነዱት የሐረር ወዳጆቻችን አንድ ሕግ ብቻ አላቸው፤ ዳገት አይነዳም። ሕጉ የትም አልተጻፈም፣ ግን ሲጥሰው ያየሁት ሰው የለም። ክርስቲያኑ ከቅዳሴ እስኪመለስ ሙስሊሙ ፈጢራውን በልቶ ይጠብቃል፤ ከዚያ ወደ ባቢሌ የሚወስደው አስፋልት ጫፍ ላይ ተሰብስበው ሄልሜታቸውን ያስራሉ፣ ጓንታቸውን ያጠልቃሉ፣ ጥቁር መነጽራቸውን ይሰካሉ። ይህ ሁሉ ዝግጅት ፍሬን ይዞ እስከ ኤረር ወንዝ ለመንከባለል ነው። ታች ሲደርሱ ማንጎ ጥላ ሥር ተጋድመው ሐብሐብ ይበላሉ። ቀትር ላይ ጅግጅጋ ጫት አራግፎ ባዶውን የሚመለስ አይሱዙ ያስቆሙና ሳይክሎቻቸውንም ራሳቸውንም ጭነው ወደ ከተማ ይወጣሉ። ማታ ፎቶው ቴሌግራም ላይ ይለቀቃል። ከሥሩ "ሐረር ኤረር፣ ደርሶ መልስ" ይላል። መድረሱስ እሺ፣ ደርሰዋል። መልሱን የነዳው ግን ሾፌሩ ነው።

ራሳቸውን "ጀማው" ይላሉ። እዚህ አገር ጀማ ማለት አብሮ የሚውል የወዳጅ ስብስብ ነው። እኔ ግን ቃሉን በሰማሁ ቁጥር የሚታየኝ አይሱዙ ላይ የተከመረ የሰውና የሳይክል ጭነት ነው።

እኔ ባሕር ዳር ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። እዚያ ሳይክል ጌጥ አይደለም። እህትህን ከኋላ ጭነህ ትምህርት ቤት ታደርሳለህ፣ እህል ወፍጮ ቤት ትወስዳለህ፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ በሐይቁ ዳር ወይ በዓባይ ዳር ዝም ብለህ ትነዳለህ። በጂኦግራፊ መምህርነት ሐረር ስመደብ ለጥቂት ጊዜ ነው ተብዬ ነበር፤ ይኸው ሃያ ሰባት ዓመት ሞላኝ። በነዚህ ዓመታት ይህች ከተማ ወንዝ ብላ ያሳየችኝን ሁሉ አይቼ ንቄያለሁ። በጋ ላይ ኤረርን ጫማ ሳያወልቁ መሻገር ይቻላል፤ ቦታውን ከመረጥክ ካልሲህ እንኳ አይርስም።

ባለቤቴ ግን የሐረር ልጅ ናት። ቅድመ አያቷ ከሸዋ የመጡ ናቸው ይባላል፤ እሷ ከዚህ ሌላ አገር አታውቅም። ክርስቲያን ሆና "ወላሂ" ብላ ትምላለች፣ ገበያ ስትወርድ ሳይታወቃት ኦሮምኛ ትጀምራለች። አምና ስኳር አለብሽ ተባለች። ሐኪሙ መድኃኒቱን ጽፎ ሲጨርስ ወደ እኔ ዞረና "ጋሼ፣ እንዲንቀሳቀሱ ያግዟቸው እንጂ" አለኝ።

ደስ አለኝ ብል ነውር ነው። ግን ደስ ብሎኛል። ሁለቱም ልጆቻችን አግብተው ወጥተዋል። ቤት ውስጥ ሁለታችን ቀርተን የምናወራው ስለ ውሃ መጥፋትና ስለ ራት ብቻ ሆኖ ነበር። ከራት በኋላ እሷ ቴሌቪዥን ታያለች፣ እኔ የፈተና ወረቀት አርማለሁ። እና ሐኪሙ እንደዚያ ሲለኝ ሚስቴን የምመልስበት ሰበብ ያገኘሁ መሰለኝ። ሳይክል አስተምሬያት፣ ጎን ለጎን እየነዳን እንደ ድሮው እንድናወራ ፈለግሁ። ከዚህ ሌላ የፈለግሁት ነገር አልነበረም።

ድሬዳዋ ወርጄ ሁለት ያገለገሉ ሳይክሎች ገዛሁ። በሃምሳ ሁለት ዓመቷ በትምህርት ቤታችን ሜዳ ላይ ሦስት ሳምንት ወድቃ ተነስታ ቻለች። ከዚያ እሁድ እሁድ ወደ ድሬ ጠያራ በኩል፣ በማሽላውና በጫቱ መሃል፣ ከፍ ዝቅ በሚሉት ጉብታዎች ላይ እንነዳ ጀመር። እኔም መናገር ጀመርኩ። ወገብሽን አቅኚ፣ ማርሹን ቀድመሽ ቀይሪ፣ ፊት ለፊትሽን እንጂ ጎማውን አትዪ። ማቅናት ሲሰለቸኝ ስለ አፈር መሸርሸር አስረዳኋት። ዝም ብላ ትሰማኛለች። እያወራን መስሎኝ ነበር።

አንድ እሁድ የባቢሌው አስፋልት መገንጠያ ላይ ጀማው አገኘን። አለቃቸው የባንክ ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ሆዱን በጠባብ የሳይክል ልብስ ወጥሮ፣ የውድድር ቁጥር ብቻ የቀረው ሰው። "መምህር!" አለ በሩቁ፣ "ምነው ብቻዎን? ከጀማው ጋር ይውረዱ እንጂ!"

ብቻዎን የሚለኝ ሚስቴ አጠገቤ ቆማ ነው። ልመልስለት አፌን ስከፍት እሷ ቀደመችኝ።

"አቦ እንሂድ!" አለች። ያን ያህል ጮክ ብላ ስትናገር ከሰማኋት ብዙ ጊዜ ሆኖኛል።

ወረድን። እግሯን ከፔዳሉ አንስታ ግራና ቀኝ ዘረጋችው። እኔ ከኋላዋ "ፍሬን! ፍሬን ያዢ!" እያልኩ ስጮህ እሷ ከፋርማሲስቷ ጋር ጎን ለጎን ሆና ትስቃለች። ፋርማሲስቷ የጀማው ሁለተኛ አለቃ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ለሰው የደም ግፊት መድኃኒት ስትሸጥ ውላ እሁድ በሲኖትራክ መሃል በአንድ እጇ የምትነዳ።

ከአስፋልቱ ወርደን ወንዙ ዳር ያለውን የእግር መንገድ ያዝን። መንገድ ካልነው ነው። በማንጎ ግንድና በውሃ ፓምፕ ቱቦ መሃል የምትሾልክ፣ እዚህ አሸዋ፣ እዚያ ጭቃ የሆነች ነገር ናት። ጀማው ግን ባሕር ማዶ የደረሰ ያህል ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ይነሳል። ባለቤቴ አንድ አትክልተኛ አዛውንት ጋ ቆማ በኦሮምኛ ወሬ ጀመረች። ምን እንደሚባባሉ አላውቅም፤ ሃያ ሰባት ዓመት ኖሬ ከሰላምታው አላለፍኩም። ሰውየው ከት ብለው ስቀው ሁለት የዘይቱን ፍሬ ዘረጉላት። አንዱን ወስዳ ሌላውን አመስግና መለሰች።

ጥላው ሥር ስንቀመጥ ስለ ዓባይ ዳር መንገድ ነገርኳቸው፤ ስለ ዘንባባው፣ ስለ ውሃው ስፋት። ሥራ አስኪያጁ ሐብሐቡን እየገመጠ "እኛ እንግዲህ ያለን ይሄው ነው፣ መምህር" አለኝ። ሰውየው ማፈር እንኳ አያውቅም።

አይሱዙው መጣ። ሾፌሩ ወርዶ ቅጠል የቀረበትን የጭነት ወለል በእጁ ጠረገላቸው። ሳይክሎቹ ተጫኑ። ባለቤቴ አንድ እግሯን ጎማው ላይ አድርጋ ዞር አለችና አየችኝ።

"አትወጣም?"

"እኔ በሳይክል ነው የመጣሁት" አልኳት።

"እኛስ በምን የመጣን መሰለህ?" አለችና ወጣች።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ብቻዬን ነድቼ ቤት ስገባ ገላዋን ታጥባ፣ ምሳ አቅርባ፣ እየዘፈነች ሰላጣ ትቆርጣለች። ደሜ ፈላ። እጄን ሳልታጠብ ንግግር ጀመርኩ። ግማሹን መንገድ በጭነት መኪና ተጉዞ ደርሶ መልስ ማለት ውሸት ነው፤ የሐኪሙን ትእዛዝ ማታለል ነው፤ ትልልቅ ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር ሲሠሩ ያሳፍራል አልኩ።

"ምኑ ነው ውሸቱ?" አለች። "ወርጃለሁ፣ ስቄያለሁ፣ ተመልሻለሁ። ስኳሬም ወርዷል። ምን ቀረ?"

አራት እሁድ እንዲህ አለፈ። አብረን እንወርዳለን፣ ለየብቻ እንመለሳለን። በአምስተኛው ለመንኳት፤ አንድ ቀን ብቻ፣ ሁለታችን ብቻ፣ ወርደን በራሳችን ጉልበት እንውጣ አልኳት። እሺ አለች።

"ግን ዳገቱ ላይ አትናገረኝ። እኔም ቃል አልተነፍስም።"

"እሺ" አልኳት።

እስከ መጀመሪያው ኩርባ ጠበቅሁ። ከዚያ ማርሹን አቅልዪ አልኩ። ይህ ንግግር አይደለም፣ ምክር ነው ብዬ። በሁለተኛው ኩርባ ወርዳ መግፋት ጀመረች። እኔ ቀድሜ እየወጣሁ ከላይ ቆሜ እጠብቃታለሁ፤ ስትደርስ "ትንሽ ነው የቀረው" እላትና እንደገና ቀድሜ እሄዳለሁ። ሰዓቴን አይ ነበር። የሚጠብቀን ሰው ግን አልነበረም። ስኳሬ ድንገት ቢወርድ ብላ የያዘችውን ተምር ከኪሷ አውጥታ ጀርባዋን ሰጥታኝ በላች። ደክሞሻል ወይ አላልኳትም።

ሦስተኛው ኩርባ ላይ የአይሱዙው ክላክስ ከታች ተሰማ። ጀማው ከላይ ሆኖ ያጨበጭባል። ሾፌሩ አጠገባችን አቆመ። ሥራ አስኪያጁ እጁን ዘርግቶ "እትዬ፣ ይምጡ፣ ቦታ አለ!" አላት። እሷ እጁን አላየችም። የምታየው እኔን ነበር። ፊቷ ላይ ላብና አቧራ ተለውሷል። አንድ ቃል ብናገር ትወጣ ነበር። ያን ጊዜም አውቄዋለሁ።

"እኛ እንጨርሳለን" አልኩ።

መኪናው ሄደ። እሷም መሪዋን ጨብጣ መግፋቷን ቀጠለች።

ከተማ ስንገባ በኩራት አብጬ ነበር። ለሃያ ሰባት ዓመት የናቅሁትን አገር ዳገት በሚስቴ እግር አሸንፌ። ፈላና በር አጠገብ አቆምኳትና በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳይክል ፎቶ አነሳሁ። አልሳቀችም።

"አየሽ? ቻልሽ!"

"ቻልኩ" አለች። ቤት ስንደርስ ቁልፉን ከእጄ ተቀብላ ከፍታ ገባች፤ ልብሷንም ሳትቀይር ተኛች።

በሚቀጥለው እሁድ ከቅዳሴ ዘግይቼ ስመለስ ሳይክሏ ቦታው ላይ አልነበረም። ጠረጴዛው ላይ ምሳዬ ተከድኖ ከጎኑ ብጣሽ ወረቀት ተቀምጧል። "ከጀማው ጋር ነኝ" ይላል። ቁጣ የለውም፣ ኩርፊያም የለውም። ተጣልታኝ ቢሆን እታረቃት ነበር። አልተጣላችኝም። ስትመለስ ታወራኛለች፣ ሻይ ታፈላልኛለች፣ መድኃኒቷን በሰዓቱ ትወስዳለች፤ እሁድ ግን የእሷ ሆነ።

እኔም ብቻዬን መንዳት ያዝኩ። እነሱ ወደ ኤረር ሲወርዱ እኔ ወደ ሶፊ፣ እነሱ ወደ ሶፊ ሲወርዱ እኔ ወደ ኤረር። በየዳገቱ ላይ በልቤ እሰድባቸዋለሁ፤ ሥራ አስኪያጁን በሆዱ፣ ፋርማሲስቷን በመነጽሯ፣ ሁሉንም በአንድነት በስንፍናቸው። ንቀት ሲያባብሉት ጉልበት ይሰጣል። ማታ ደግሞ የለቀቁትን ፎቶ በስልኬ ከፍቼ ሚስቴ የትኛው ጫፍ ላይ እንደቆመች እፈልጋለሁ። አንዱ ላይ ግማሽ ሐብሐብ እንደ ባርኔጣ ጭንቅላቷ ላይ ደፍታለች። ከእኔ ጋር እንዲህ ያለ ነገር አድርጋ አታውቅም። ፎቶውን ብዙ ጊዜ አየሁት። ምግብ መቀለጃ አይደለም ልላትም አስቤ ነበር።

ያለፈው ወር አንድ እሁድ እነሱ ወደ ሶፊ ይሄዳሉ ሲባል ሰምቼ ወደ ኤረር ወረድኩ። ስመለስ ዳገቱ መሃል ላይ ጉልበቴ ተያዘ። ወረድኩና መግፋት ጀመርኩ። እኔ፣ የባሕር ዳሩ ሰው፣ ሳይክሌን እንደ አህያ እየጎተትኩ። ጥላ የለም፣ ውሃዬ አልቋል። ቆምኩና ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ታች አየሁ፤ መኪና ቢመጣ ብዬ።

አይሱዙ መጣ። ከሩቅ ዘፈን ይሰማል። ጀማው ሐሳቡን ቀይሮ ኤረር ውሎ ኖሮ ከላይ ተደርድሯል። ባለቤቴ ጋቢናው ጣሪያ ላይ እጇን ደግፋ ከፊት ቆማለች፤ ሻሿ ወደ ኋላ ተንሸራቶ፣ አፏን ሞልታ ትስቃለች። እንዲያ ስትስቅ ምን ያህል ቆንጆ እንደሆነች ረስቼው ነበር።

አየችኝ። ሳቋ ቆመ። የሌሎቹ አልቆመም፤ የእሷ ብቻ። ሻሿን ወደ ፊት ሳበችና ቀጥ ብላ ቆመች።

ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። ሥራ አስኪያጁ እጁን ሊዘረጋልኝ ጎንበስ ሲል "ተወው፣ እሱ አይወድም" አለችው። በክፋት አልነበረም፤ እንግድነት ሄደን የማልበላው ምግብ ሲቀርብ የምታስነሳልኝ ያህል ነበር። ከዚያ ሾፌሩ እንዲነዳ የጋቢናውን ጣሪያ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገች።

እወዳለሁ፣ ዛሬ እወጣለሁ ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር። አቧራው ቀደመኝ። መኪናው ኩርባውን ዞሮ ከዓይኔ ተሰወረ፤ ትንሽ ቆይቶ ከማዶ ሳቋ እንደገና ሲጀምር ሰማሁ።