ያልቆለፍኩት የቀኝ ጎማ

ሥራ የጀመርኩ ቀን መሪ አልያዝኩም። አዳማ መናኸሪያ አካባቢ መኪና የሚያከራዩት ሐጂ ከድር መንጃ ፈቃዴን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩና መለሱልኝ። ከዚያ ግቢው ውስጥ ወደቆመችው አሮጌ ነጭ ላንድክሩዘር ወስደውኝ ከፊት ጎማዋ ሥር ቁጢጥ አሉ። እኔንም ቁጢጥ በል አሉኝ። ለመጀመሪያ ቀኔ ብዬ የተተኮሰ ሱሪ ለብሼ ስለነበር ቅር እያለኝ ተቀመጥኩ።

ጎማው መሃል ላይ የስኒ ማስቀመጫ የምታክል ክብ ብረት አለች። ፍሪ እና ሎክ የሚሉ ሁለት ቃላት ተቀርጸውባታል፤ የተፈታና የተቆለፈ ማለት ነው። ሐጂ በጣታቸው አዞሯትና ቀጭ አለች።

"የኋላ ጎማ ሁልጊዜ ይገፋል" አሉ። "የፊቱም እንዲያግዝ ከፈለግህ ውስጥ ያለውን ማንሻ መሳብ ብቻ አይበቃም። ትወርዳለህ፣ ይቺን በእጅህ ወደ ሎክ ታዞራለህ። በግራም በቀኝም።"

"አንዱን ብቻ ብቆልፍስ?" አልኳቸው።

"ምንም አልቆለፍክም። ጉልበቱ ሁሉ ባልተቆለፈው በኩል ዝም ብሎ ይዞርና ያልቃል።"

አምስት ጊዜ አስቆለፉኝ፣ አምስት ጊዜ አስፈቱኝ። የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ እሱ ብቻ ነበር። ሾፌር ለመውረድ ከሰነፈ ሌላ እንጀራ ይፈልግ ብለው አሰናበቱኝ። ቤት ገብቼ ሰውየው ሙልጭ ያሉ ነዝናዛ ናቸው ብዬ ለሚስቴ አወራሁላት።

በከተማው የኪራይ መኪና የምንነዳ ሾፌሮች ብዙ ነበርን። ሠርግ የሚወድ አለ፣ የመሥሪያ ቤት ሰው ይዞ ዱከም ፋብሪካ ለፋብሪካ መመላለስ የሚወድ አለ። ክረምት ገብቶ ግን የጥንት ገዳማትና የተራራ ላይ አብያተ ክርስቲያናት ጉዞ ሲመጣ ሁሉም ወገቤን፣ ልጄን፣ ፍሬኑን ይላል። እኔ እሄዳለሁ። የአርሲን ጭቃ፣ የዝቋላን አቀበት ለምጄው ነበር። ሁለት ጣውላ፣ አካፋ፣ ገመድና ክሪክ ከኋላ ጭኜ፣ የጎማውን ነፋስ ትንሽ አስተንፍሼ፣ በሁለተኛ ማርሽ እግሬን ሳላነሳ ሳልጨምር እወጣለሁ። "የተራራው" የሚል ስም ወጣልኝ። ስሙን ወድጄው ነበር፤ ሳልጠራበት ስቀር ቅር እስኪለኝ ድረስ።

ሥራው ላይ አሥር ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ በአንድ ሐምሌ፣ ሰላማዊት የምትባል የባንክ ሠራተኛ ወደ ሐጂ ቢሮ መጣች። እናቷ ወይዘሮ አስካለ ከሁሩታ መጥተው እሷ ዘንድ አርፈዋል። ዝቋላ መውጣት ይፈልጋሉ።

"በክረምት ለምን?" አሏት ሐጂ። "ለንግሡ ጥቅምት ይደርስ የለ?"

"ሐኪሙ ዓይናቸው እየጠፋ ነው፣ አይድንም አለን" አለች። "ጥቅምት ድረስ ማየታቸውን ማንም ዋስትና አልሰጠንም። ስለት አለባቸው። ቦታውን በዓይኔ አይቼ በእጄ ካላስገባሁ ይላሉ።"

ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ደረቴን ነፍቼ፣ እናትሽን ደጃፉ ላይ አወርድልሻለሁ አልኳት። እንዲህ ብዬ ነው ቃል የገባሁት።

በማግስቱ በጠዋት ሦስታችን ተነሳን። እማማ አስካለ ከኋላ ተቀምጠው በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ጭናቸው ላይ አጋድመዋል። ሞጆን ስናልፍ ጨርቁን ገለጥ አድርገው አሳዩኝ። የቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ ነው፣ ቀይ፣ ዙሪያውን በወርቃማ ክር የተጠለፈ።

"ጥልፉ የእኔ ነው ልጄ" አሉኝ። "ክሩን በቀለም ለይቼ የጨረስኩት በዚህ ዓመት ነው። አሁን ቢሆን ቀዩን ከቡኒው አለየውም ነበር።"

ቢሾፍቱ ላይ ከአስፋልቱ ተገንጥለን ተራራው ሥር ያለችው መንደር ስንደርስ ካፊያ ጀመረ። አቀበቱ የሚጀምረው እዚያ ነው፤ ጎማ የሚቆለፈውም እዚያ ነው። ወረድኩ። የግራውን ቆለፍኩ። በመኪናዋ አፍንጫ ዞሬ ወደ ቀኝ ሳልፍ የቀኙ ጎማ ኩሬ ውስጥ ቆሟል። የለበስኩት ጫማ ለእህቴ ልጅ ሠርግ የተገዛ አዲስ ቆዳ ነው። ባለፈው ሳምንት ከአርሲ ስመለስ የቀኙን ሳልፈታው የቀረሁ መሰለኝ። መሰለኝ ብቻ። መኪናዋን ሁለት ክንድ ወደፊት ገፋ አድርጎ ማየት ይቻል ነበር። ተመልሼ ገባሁ።

ማንሻውን ስስብ ከመሪው ፊት፣ ክሩስኮቶው ላይ፣ መብራቷ በራች። መብራቷ የምታውቀው ማንሻው መሳቡን ነው፤ ከውጭ ምን እንደተቆለፈ አታውቅም። እኔ ይህን አውቃለሁ። "አራቱም ገብቷል፣ እንግዲህ ያዝ አድርጉ" አልኳቸው።

ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ የኋላ ጎማዎች መንሸራተት ጀመሩ። ወደኋላ ተመልሼ ሞከርኩ። እንደገና ሞከርኩ። በሦስተኛው የመኪናዋ ቂጥ ወደ ገደሉ በኩል ዞረና ሰላማዊት "በማርያም" ብላ ወንበሬን ያዘች። የፊት ጎማዎቹ እንደማይጎትቱ መሪው ላይ ሊሰማኝ ይገባ ነበር። ይሰማኝም ነበር ልበል? ያን ጊዜ የያዘኝ እልህ እንጂ ጥርጣሬ አልነበረም። ሞተሩን አጠፋሁና ዞር አልኩ።

"እማማ፣ አራቱም ጎማ እየሠራ እንቢ ካለ መንገዱ አይሆንም ማለት ነው። ከዚህ በላይ መኪና አይወጣም።"

"በእግርስ?"

"በዚህ ጭቃ በእግር ከሁለት ሰዓት አያንስም።"

እማማ አስካለ ጉልበታቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። ቀጥሎ በመስኮቱ ወደ ላይ አዩ። ጉም ነው፣ ሌላ የሚታይ ነገር የለም። "እሺ፣ እንመለስ" አሉ።

መንደሯ ደርሰን ከጎማ ላይ ጭቃ ልጠርግ ወረድኩ። በግራ በኩል ጀምሬ ወደ ቀኝ ዞርኩ። ጭቃውን በአውራ ጣቴ ስገፋው ከሥሩ ያለው ቃል ፍሪ ነው።

ገና ረፋድ ነበር። ካፊያውም አባርቶ ነበር። ማድረግ የነበረብኝ ጣቴን አስገብቼ ማዞር፣ መስኮቱን ማንኳኳትና፣ እማማ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እንደገና እንውጣ ማለት ነበር። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ያደረግኩት ወደ ግራ ተመልሼ የተቆለፈውንም መፍታት ነው። ሁለቱ አንድ ዓይነት እንዲሆኑ፣ ማንም ቢያይ እንዳያውቅ። "የተራራው" የሚባል ሰው አንድ ጎማ ቆልፎ አቀበት ወጣ ሲባል ታየኝ። ይህን ስጽፍም ፊቴ ይግላል።

መኪና ውስጥ ገብቼ ሳልነሳ፣ የእኛን የመሰለች አሮጌ መኪና የእህል ጆንያ ጭና በአጠገባችን አለፈችና አቀበቱን ተያያዘችው። ዝግ እያለች ወጣች፣ ሦስተኛውን መታጠፊያ አልፋ ጉም ውስጥ ገባች። ሦስታችንም በዓይናችን ሸኘናት።

"ያቺ እንዴት ወጣች?" አለችኝ ሰላማዊት።

"የእነሱ ጎማ አዲስ ነው" አልኳት። የእነሱን ጎማ አላየሁትም።

እማማ አስካለ ጃንጥላውን በጨርቁ መልሰው መጠቅለል ጀመሩ። "የጎማ ነገር አይደለም" አሉ። "የተራራው ጻድቅ እኔን ነው የመለሰኝ።"

ከሞጆ በኋላ ለልጃቸው ይሁን ለራሳቸው ባልገባኝ ድምፅ ማውራት ጀመሩ። ቤታቸው ሐዊ የምትባል ሠራተኛ ነበረቻቸው። የአንገት ወርቅ ሲጠፋ በእሷ ላይ ጮሁ፤ ልብሷን በፌስታል ይዛ እያለቀሰች ሻሸመኔ አክስቷ ዘንድ ሄደች። ወርቁ በዓመቱ ራሳቸው ከደበቁበት ሣጥን ተገኘ። ልጅቷን ግን አላፈላለጓትም። አፍረው ነው።

"ለዚህ ነው" አሉ። "በዚህ እጄ ነው ጃንጥላ ላስገባ የምወጣው?"

እኔ መሪ ይዤ ከፊታቸው ተቀምጫለሁ። በስተኋላ መስታወቱ አያቸዋለሁ። ሴትዮዋ ማንም ሳይጠይቃቸው ኀፍረታቸውን አውጥተው ተናገሩ። እኔ አፌን ከፍቼ "ጎማው ነው እማማ" ማለት አቃተኝ። አዳማ ድረስ አቃተኝ።

ሐጂ ግቢው በር ላይ ጠበቁኝ። "አካም? እንዴት ነው፣ ወጣችሁ?"

"መንገዱ ተበላሽቷል፣ አይወጣም።"

"ዱጋ?" አሉኝ። እውነትህን ነው ማለታቸው ነው።

"ዱጋ" አልኩ።

በዓመቱ ሰላማዊትን ገበያ አገኘኋት። እናቷ ሻሸመኔ ድረስ ሄደው ሐዊን አፈላልገው፣ እግሯ ላይ ወድቀው ይቅርታ እንደጠየቁ ነገረችኝ። "ያ ቀን ባይኖር አይሄዱም ነበር" አለችኝ ፈገግ ብላ። ይህን ወሬ እንደ ትራስ ተንተራስኩት። እንዲያውም መልካም ሠርቻለሁ እስከማለት ደረስኩ። ሰው ራሱን ለማታለል ሲፈልግ አይቸገርም፤ እኔ ከማንም ባልበልጥም ከማንም አላንስም።

በሁለተኛው ዓመት ሰላማዊት መኪና ልትከራይ ቢሮ መጣች። ለእናቷ ነው፣ ለሕክምና አዲስ አበባ። "አሁንማ ፈጽሞ አያዩም" አለች። "ሲከፋቸው፣ ሐዊስ ይቅር አለችኝ፣ ጻድቁ ግን መልሶኛል ይላሉ። ጃንጥላውን ከቁም ሣጥን አውጡት ብንላቸው እንቢ አሉ።"

በዚያ ሳምንት ለሐጂ ነገርኳቸው። እስከመጨረሻው ሰሙኝ። "ያኔ ስጠይቅህ መሬት መሬት ታይ ነበር" አሉ። የላንድክሩዘሯን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡልኝ።

ሁሩታ ቤታቸው ሄድኩ። እማማ አስካለ በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ስሜን ስነግራቸው ወዲያው አወቁኝ፤ የተራራው ልጅ ነህ አሉኝ። የሆነውን ሁሉ ተናገርኩ፤ ጫማውን፣ ኩሬውን፣ የግራውን እንደፈታሁት፣ ስለዚያች መኪና ጎማ የዋሸሁትን። ሳልቆም ተናገርኩ፣ ብቆም እንደማልቀጥል ስለማውቅ።

"ጎማውን ያየኸው መንደሯ ላይ ነው?" አሉኝ።

"አዎ እማማ።"

"ያኔ ዓይኔ ነበረ።"

"አዎ።"

"ሁለት ዓመት ሙሉ ምን በድዬው ነው ስል፣ አንተ ታውቅ ነበር።"

"አውቅ ነበር።" ቀጥዬ መናገር ያልነበረብኝን ተናገርኩ። "ግን እማማ፣ በዚያ ምክንያት ሐዊን..."

"ተው" አሉኝ። "ሐዊ ዘንድ የሄድኩት በእኔ ጥፋት ነው። እሷን መሸሸጊያ አታድርጋት።"

አንገቴን ደፋሁ። አለማየታቸውን እንኳ ረስቼ ነው የደፋሁት። ከዚያ ጃንጥላውን ለማስገባት መቼ እንደሚመቸኝ ጠየቁኝ።

በጥር ወጣን፣ ያው ሦስታችን፣ በዚያችው መኪና። መንገዱ እንደ ድንጋይ ደርቋል። መንደሯ ላይ ስደርስ እማማ "ደረስን?" አሉ። ደርሰናል አልኳቸው።

"ወርደህ ቆልፍ።"

"ደረቅ ነው እማማ፣ ዛሬ አያስፈልግም።"

"ቆልፍ።"

ወረድኩ። እሳቸውም በልጃቸው ክንድ ተደግፈው ወረዱ። የግራውን ሳዞር ቀጭ ሲል ሰሙ። እጃቸውን ዘርግተው ብረቷን ዳሰሷት። በመኪናዋ አፍንጫ ዞረን ወደ ቀኝ ሄድን። የቀኙን አዞርኩ። እሷንም ዳሰሷት፣ ጣታቸውን በጽሑፉ ላይ አመላለሱ።

"ይቺ ናት?"

"እሷ ናት።"

"ይህን ያህል ብቻ?"

"ይህን ያህል ብቻ እማማ።"

ያንን አቀበት እንደዚያ ቀን ከብዶኝ ወጥቼው አላውቅም። ላይ ደርሰን ጃንጥላውን በእጃቸው አስረከቡ። ካህኑ ሲዘረጋው ቀይነቱን ያየነው እኔና ሰላማዊት ነን። ከዚያ ወደ ሐይቁ ወሰድናቸው። ዳር ላይ ቆመው ምን እንደሚታይ ንገረኝ አሉኝ። ክብ ነው፣ ዙሪያውን ጥድ አለ፣ ውኃው ዛሬ ረግቷል፣ አልኳቸው።

"ያኔ በክረምትስ ምን ይመስል ነበር?"

"ያኔ አላየነውም እማማ።"

"አዎ" አሉ። "አላየነውም።"

ይቅር በሉኝ ብያቸዋለሁ፤ ይቅር ብለውኛል። ያላዩትን ግን አልመለስኩላቸውም። አሁን መሪ ከለቀቅኩ ቆየሁ፣ ወገቤ እንቢ ብሏል። ወጣት ሾፌሮች ስለ ተራራ ሲጠይቁኝ የምላቸው ይህን ብቻ ነው፤ አቀበት ከመጀመርህ በፊት ውረድና ሁለቱንም በእጅህ ንካ። ረስተህ ከሆነም ተሳፋሪህ መኪናው ውስጥ እያለ ተናገር።