ወሬ ለቃሚዋ ዲዛይነር

ቀመሪያ የጌጃ ሰፈር ልጅ ናት። ሰንጋ ተራ ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ፣ የስልክ አፕ የሚሠራ ቢሮ ለሙከራ ሲቀበላት ሥራዋን ያልጠየቃት ጎረቤት የለም። "ዲዛይነር ነኝ" ስትል እናቷ እትዬ ነጅማ ቀሚስ የምትሰፋ መስሏቸው ልኬታቸውን ሊሰጧት ነበር።

ሥራው ግን ሰው ስልኩን ሲነካካ እንዳይናደድ ማድረግ ነው። አንዱ ገጹን ይሥላል፣ ቀለሙን ያሳምራል፤ ሌላው ሰዉ ዘንድ ሄዶ ምን እንዳስቸገረው ያጠናል። የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ ሲል አለቃዋ አሌክስ "አንዱን ምረጪ" አላት። እሱ ራሱ ግን መርጦላት ጨርሷል።

"እጅሽ ቆንጆ ነው፤ ገጽ ሥሪ። የማስቀጥልሽም ለእሱ ነው።"

"ጥናቱስ?"

"ደንበኞቹን ደውለን ጠይቀናል እኮ። ሁሉም ወደውታል!"

አፑ ባለሱቆች ከጅምላ አከፋፋይ ዕቃ የሚያዙበት ነው። በእኛ ሰፈር ደግሞ ሁሉም የወደደው ነገር እስካሁን አልታየም፤ የወደደ የሚመስል ግን ሞልቷል። ቀመሪያ ይህንን ታውቃለች።

ቤት ገብታ "ጥናቱን ነው የምመርጠው" ስትል እትዬ ነጅማ ራሳቸውን ያዙ።

"ያስተማርኩሽ ሱቅ ለሱቅ እየዞርሽ ወሬ እንድትለቅሚ ነው? ለዚህማ ዲግሪ ካስፈለገ እኔ ዶክተር ነኝ!"

"ነሽ እኮ" አለቻቸው።

በማግስቱ አብነት ሰፈር ወርዳ ከአፑ ደንበኞች አንዱ የሆኑት ጋሽ አብዱልጀባር ሱቅ ገባች። በርጩማ ሰጧት።

"አፑ እንዴት ነው፣ ጋሼ?"

"ማሻአላህ! እጃችሁ ይባረክ፤ እንከን የለውም።"

ሌላ ሰው ቢሆን ይቺን ይዞ ይመለሳል። ቀመሪያ ግን ሰው የደከመ ልጅ ፊት ድካሙን እንደማያጣጥል፣ "አልገባኝም" ማለትም እንደሚያሳፍር የተማረችው እናቷ ደጃፍ ላይ ነው። ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"ጎረቤትዎ ጋሽ ፍሰሐስ ይችሉበታል?"

ጋሽ አብዱልጀባር ግራ ቀኙን አዩና ጠጋ አሉ። "ፍሰሐ? ኤዲያ! ትዕዛዙ ይድረስ አይድረስ አፑ አይነግረው፣ ደጋግሞ ይጫነዋል። ባለፈው ሱቁ ሳሙና ሞልቶበት መቆሚያ አጥቶ ነበር። ለማንም እንዳትነግሪ ብቻ።"

ተሻግራ ጋሽ ፍሰሐን ጠየቀች። ለራሳቸው "ግሩም ነው" አሉ። የጋሽ አብዱልጀባርን ስም ስታነሳ ግን ሳቃቸውን ለቀቁት።

"እሱማ ዘይት ጀሪካን ላይ ነው የሚተኛው! ትዕዛዙ ይሂድለት አይሂድለት ሳያውቅ ስልኩን ይደበድበዋል። ከእኔ ሰማሁ እንዳትዪ።"

ቢሮ ተመልሳ ለአሌክስ ነገረችው።

"ይሄ እኮ ሐሜት ነው" አለ።

"ነዋ! እንዳንተ በቀጥታ ብጠይቅማ ምርቃት ይዤ ነበር የምመጣው።"

አሌክስ "በይ እንግዲያው፣ ትዕዛዝዎ ደርሷል የሚል ገጽ ሥሪላቸውና እንገላገል" አላት።

"ሌላ ሰው ይሥራው። እኔ መርጫለሁ። ለገጽ ብቻ ከሆነ የምታስቀጥለኝ፣ ዛሬውኑ እንሰነባበት።" ቦርሳዋን አነሳች።

በሩ ጋ ስትደርስ ጠራት።

"እሺ፣ ጥናቱን ያዢ! ግን ለጥናት የሚሆን ጠረጴዛ እንኳ የለንም እኮ፣ ቀመሪያ!"

"ጠረጴዛ ምን ያደርግልኛል?" አለች ዞራ ሳታይ። "የሚያስፈልገኝ በርጩማ ነው፤ እሱን ባለሱቆቹ ይሰጡኛል።"

ከዚያ ቀጥታ ወደ አብነት ወረደች።