ከተኳሽ ጀርባ የቀረበ ሰላምታ

ሰው ሲፈራ አስቀድሞ የሚከዳው እጁ ነው። ላቀች ይህን የተረዳችው ሃምሳ ሰባት ዓመት ከሞላት በኋላ፣ በላስ ቬጋስ ዳርቻ ባለ የተኩስ ሜዳ ላይ ነው። በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ በሱዳን በኩል በስደት የመጣች፣ ከዚያ ወዲህ የሆቴል አልጋ ስታነጥፍ የኖረች፣ ሰንራይዝ ማነር በሚባል ሰፈር ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት። በ2020 ካዚኖዎቹ በኮሮና ተዘግተው የሥራ ሺፍቷ ሲቀር፣ የኢትዮጵያዊት ጎረቤቷ ልጅ ሮቢ፣ በሜዳው የተኩስ አስተማሪ የሆነ ጎልማሳ፣ ከቤት ትውጣ ብሎ ይዟት ሄደ። በአየር ላይ የሚወነጨፈውን ሳህን መሳይ ሸክላ በመጀመሪያው ቀን ሰባበረችው።

በልምምድ እጇ አይነቃነቅም። ውድድር ሲባል ግን ይከዳታል፤ ሸክላው ገና ሳይወጣ የሳተችው ይመስላታል።

«አንቺ ብዙ ታስቢያለሽ» አላት ሮቢ፤ እዚሁ ተወልዶ ያደገ ነውና አንቱታ አይሆንለትም። «መጀመሪያ ብሪዝ አድርጊ። ከዛ ፊት ለፊት ያለውን ተራራ ብቻ ተመልከቺ። ከዛ ፑል በይ፣ ሸክላውን ይለቁልሻል። ስኮር አታስቢ።»

«አቡነ ዘበሰማያት ብደግምበትስ?»

«ረጅም ነው። ሸክላው አሜን እስክትይ አይጠብቅሽም።»

ሳቀችና አንዲት ቃል መረጠች፦ እመብርሃን። ትንፋሽ፣ ተራራ፣ እመብርሃን፣ ፑል። ዓመቱን ሙሉ በዚህ ራሷን ገራች።

በ2021 በልግ የኢትዮጵያውያን ማኅበር ለአንድ ውድድር አምስት ተኳሾች ሊልክ ተነሣ። አራቱ ታወቁ፤ ለአምስተኛው ቦታ ላቀችና ፋንታዬ የሚባል ሰው በሁለት ቅዳሜ እንዲለዩ፣ የሁለቱ ቀን ውጤት ተደምሮ የበለጠው እንዲሄድ ተወሰነ። ፋንታዬ የሊቀ መንበሩ የአቶ ግዛቸው የሚስት ወንድም ነው። ላቀች በዕድሜዋ ለራሷ ብላ የተመኘችው ነገር ቢኖር ይህ ቦታ ነበር።

በመጀመሪያው ቅዳሜ እስከ ዙሩ አጋማሽ አንድም አልሳተችም። ያን ጊዜ አቶ ግዛቸው ከጀርባዋ ቀረቡ።

«ወይዘሮ ላቀች፣ እንደምን አደሩ? ጤናዎስ? ልጆች ደኅና ናቸው?»

ላቀች ልጅ የላትም፤ አቶ ግዛቸውም ይህን ያውቃሉ። እርሷ ግን የአዛውንት ሰላምታ አንጠልጥሎ መተው ከስድብ የሚከፋ ነውር ነው ተብላ ያደገች ናት። ጠመንጃዋን ከፍታ፣ ጥይቱን አውጥታ፣ ዞራ እጅ ነሣች። ስለ ሥራዋ ጠየቋት፤ ስለ እህቷ ጠየቋት። ወደ ቦታዋ ስትመለስ ተራራው ከዓይኗ ጠፍቶ ነበር። አከታትላ ሳተች፤ ፋንታዬም ቀደማት።

«በየዋህነት ያደረጉት ነው» የሚል ጠበቃ አይጠፋም። እንግዲያስ ይህ ይመዝገብ፦ ተኳሾች በተሰለፉበት በዚያ ሜዳ አቶ ግዛቸው ሰላም ያሉት አንድ ሰው ብቻ ነበር። ፋንታዬ ሲተኩስ ግን የሚያስለውን ሰው እንኳ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ዝም ያሰኙ ነበር። ሮቢ ተኳሽን ማነጋገር ክልክል መሆኑን ሲነግራቸውም ማስካቸውን ወደ አገጫቸው ዝቅ አድርገው፣ «በእኛ ባህል ሰላምታ ወንጀል አይደለም፣ ልጄ» አሉት።

«አትመልሺለት» አላት ሮቢ፣ ወደ ቤት ሲነዳ።

«አዛውንት ናቸው እኮ።»

«ቺተር ነው።»

«ሁለቱንም ናቸዋ።»

በሁለተኛው ቅዳሜ በዚያው በዙሩ አጋማሽ ጫማ ጠጠሩን ሲያንኮሻኩሽ ሰማች።

«ወይዘሮ ላቀች፣ እንደምን አደሩ?»

አንገቷ በገዛ ራሱ ሊዞር ቃጣው፤ ኀፍረት ፊቷን አቃጠላት። አየር ሳበች፤ ተራራውን ፈለገች፤ አገኘችው።

«አልሰሙኝም እንዴ፣ ወይዘሮ?»

«ፑል።»

ሸክላው ዱቄት ሆነ። ሰውየው ሰላምታቸውን ደጋገሙ፤ እርሷም እስከ መጨረሻው አንዱንም ሳትስት ጨረሰች። ሲደመር ፋንታዬን በለጠችው።

በሳምንቱ ሽማግሌዎች ከማኅበሩ ተልከው ቤቷ መጡ። የተናገሩት ወይዘሮ ጽጌወይን ናቸው፤ በሁለቱም ቅዳሜ ሜዳው ላይ ቆመው ሁሉን ያዩ ሴት።

«አዛውንት አዋርደሻል ተብሏል። ድንጋይ ተሸክመሽ አቶ ግዛቸውን ይቅርታ ብትጠይቂ ቦታው ያንቺ ነው። ጎንበስ ማለት ምን ያጎድልብሻል፣ አንቺ ጨዋ?»

«ያደረጉትን አይተዋል?»

«አይቻለሁ።»

«እርሳቸው ዘንድስ ሄዳችሁ ነበር?»

ወይዘሮ ጽጌወይን ነጠላቸውን አስተካከሉ። ላቀችን ያስመረራት ይህ ነበር። የሰውየውን ተንኮል ለምዳዋለች፤ ይህቺን ነጠላ የምታስተካክል እጅ ግን አልለመደቻትም።

«ቦታውን ለፋንታዬ ስጡት» አለች። «ድንጋዩንም ለሚገባው ሰው አድርሱት።»

ከዚያም እንደ ወጉ እስከ ደረጃው ድረስ ሸኘቻቸው።

ፋንታዬ ቦታውን ወሰደ። ማኅበሩ ላቀች የቀረችው «በሥነ ምግባር ጉድለት» መሆኑን አስታወቀ። በሁለቱ ቅዳሜዎች ሜዳው ላይ ከቆሙት ኢትዮጵያውያን መካከል ያየሁት እንዲህ ነበር ብሎ የተነሣ አንድም አልተገኘም። ሁሉም ጨዋዎች ናቸው።