ለጎረቤታችን የሠራነው ጥሩምባ

ልጅ እያለሁ ጎረቤታችንን እጠላው ነበር። እንዲህ ብሎ መጻፍ ያሳፍራል፤ ግን እውነቱ ይኸው ነው፣ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም። ካዛንቺስ ውስጥ በአንድ የጭቃ ግድግዳ ለሁለት ተከፍለው የኖሩ ሰዎች ይረዱኛል። ጎረቤት ሽንኩርት ሲያቁላላ የኛ ዓይን ያነባል፤ ሲያስነጥስ ከዚህኛው ወገን "ይማርህ" እንላለን። ጋሽ ደሳለኝ የፊት ክፍሉን ግሮሰሪ ካደረገው ወዲህ ግን በግድግዳው የሚመጣው ዘፈንና የጠርሙስ ኳኳታ ብቻ ሆነ።

ያኔ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። ለሚኒስትሪ ፈተና ሁለት ወር አካባቢ ቀርቶኛል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ዘፈኑ ይጀምራል፣ እስክተኛ አይቆምም። ጆሮዬን በጥጥ ወትፌ ሞከርኩ። አልጋ ሥር ገብቼ በእጅ ባትሪ ሞከርኩ። አንዱን ገጽ አምስት ጊዜ አንብቤ ምን እንዳነበብኩ አላውቅም ነበር። አባባ ሁለት ጊዜ በትሕትና ለመነው፤ በሦስተኛው የእድር ሽማግሌዎች ይዞ ሄደ። ጋሽ ደሳለኝ ወንበር እንኳን ሳይስብላቸው፣ "ይሄ ካዛንቺስ ነው፤ ጸጥታ የፈለገ ገዳም ይግባ" አላቸው። እኔን በሩ ላይ ሲያየኝ ደግሞ፣ "አንቺ ጎበዝ፣ እየጨፈርሽ አጥኚ፤ ቶሎ ይገባሻል!" ብሎ ሳቀ። ጠጪዎቹም አጀቡት።

አባባ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ሲቆጣ ዝም የሚል ሰው ነው። ያን ቀን እራት አልበላም። በማግስቱ የችፑድ ጣውላ በትከሻው ተሸክሞ ገባ። "ድምፅ ከወደደ፣ ድምፅ እንሰጠዋለን" አለ። እማዬ "ግርማ፣ እልህ ምላጭ ያስውጣል" ብትለውም ሜትሩን አውጥቶ ጣውላውን መለካት ጀመረ።

ያሰበው ተራ የስፒከር ሳጥን አልነበረም። አንድን ረጅም ጥሩምባ አጣጥፎ ሳጥን ውስጥ እንደ መክተት ያለ ነገር ነው። ስፒከሩ ከውስጥ ይደበቃል፤ ድምፁ በጠባብ መንገድ ይጀምርና እየታጠፈ፣ እየሰፋ ሄዶ በትልቁ አፍ ይወጣል። በዚህ መንገድ ትንሽ ስፒከር የትልቁን ያህል ያጓራል። ንድፉን ከስልኩ ላይ አገኘው። ልኩ በኢንች ስለነበረ ወደ ሴንቲ ሜትር የምቀይረው እኔ ነበርኩ። እሱ በመጋዝ ይቆርጣል፣ እኔ ማዕዘኑን እለካለሁ። አየር በስንጥቅ ካመለጠ ድምፁ ይሞታል ስላለኝ፣ ሰጋቱራ በኮላ ለውሼ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በጣቴ ደፈንኩ። ቤቱ ኮላና የተቆረጠ እንጨት ይሸት ነበር። ከግድግዳው ማዶ ዘፈኑ ሲጮህ አባባ "ጩህ፣ ጩህ፣ ቀንህ ደርሷል" ይላል፤ እኔ እስቃለሁ። ደብተሬን ለአንድ ወር ያህል አልከፈትኩም፤ ማንም "አጥኚ" አላለኝም።

አንድ እሑድ ከሰዓት የሳጥኑን አፍ ወደ ግድግዳው አዙረን ከፈትነው። መጀመሪያ የተሰማኝ በጆሮዬ ሳይሆን በሆዴ ነው። ብርጭቆዎቻችን መደርደሪያው ላይ መሄድ ጀመሩ። የግድግዳው ልስን ተገመሰና የኛው አልጋ ላይ ወደቀ። ወፍራሙ ድምፅ፣ ቤዙ፣ አፉን ወዳዞሩለት አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ መስሎን ነበር፤ ለካስ ዙሪያውን ሁሉ ያዳርሳል። እማዬ "ቤቱን አፈረሳችሁት!" እያለች ወደ ግቢ ወጣች። እኛ ግን የምንሰማው ሌላ ነገር ነበር፦ የጋሽ ደሳለኝ ቴፕ ጠፍቷል። አባባ አቀፈኝ። አሸነፍን ብዬ አለቀስኩ።

ዘፈኑ ሲያልቅ ከማዶ ጭብጨባ መጣ። ከዚያ ፉጨት። ከዚያ "ድገመው! ባለቤዙ ይድገመው!"

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ደሳለኝ በራችንን አንኳኳ። ከራሱ የማይለየውን ባርኔጣ ለመጀመሪያ ጊዜ አውልቆ ነበር። "አቶ ግርማ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት የኔን አጥፍቼ በእርስዎ ዘፈን ነው የሠራሁት። በቃ ቤቱ ሞላ! ማለቴ፣ ቅዳሜስ በስንት ሰዓት ይጀምሩልናል?"

አባባ በሩን ዘጋው። ሳጥኑን የዚያኑ ዕለት ፈታታው።

ለፈተናው የቀሩኝን ሁለት ሳምንታት እማዬ ኦሎምፒያ አካባቢ ወዳለው የእህቷ ልብስ ስፌት ቤት ወሰደችኝ፤ በሲንጀሮቹ መካከል ተቀምጬ አጠናሁ። አለፍኩ፤ ግን አስተማሪዎቼ ከጠበቁት በታች ነበር። አባባ ውጤቴን አየ። "ይቺ የጎደለችው የኔ ናት" አለኝ። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ነገር ተናግሮ አያውቅም።

አሁን ሰፈሩ ፈርሷል። ቤተሰቦቼ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይኖራሉ፤ ጋሽ ደሳለኝ የት እንደገባ አላውቅም። እኔ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከጎናችን ያለው ዶርም ሙዚቃ ሲያጮህ አንዴ በትሕትና እጠይቅና ደብተሬን ይዤ ቤተ መጻሕፍት እሄዳለሁ። ጓደኞቼ "ትዕግሥትሽ!" ይላሉ። ትዕግሥት አይደለም። ሙዚቃው በተሰማኝ ቁጥር አባባ ቅንድቡ ላይ ሰጋቱራ ይዞ፣ እርሳስ ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ "ስንት ሴንቲ አልሽኝ?" እያለ ሲጠይቀኝ ይታየኛል። ከዚያ ወር በፊትም ሆነ በኋላ እንደዚያ ጎን ለጎን ተቀምጠን አናውቅም። ያንን የምናፍቀውን ወር የሰጠን ጋሽ ደሳለኝ መሆኑን ሳስብ ደግሞ ይበልጥ እጠላዋለሁ።