«ቴክኔዴ!» ስል ያቀፉኝ እናት

ዛሬ ጣና ዳር አንዲት ቱርካዊት እናት ባሌ ጠፋ ብለው ሲያለቅሱ ደረስሁ።

ከዘጌ ሲመለሱ በተለያየ ጀልባ ተሳፍረው ኖሯል። ባለጀልባው ጋሽ ሰይድ «ደውዬ አረጋግጫለሁ፤ ሰውዬው ከኋላ በምትመጣው ጀልባ ላይ ናቸው» ይላሉ። ማን ይተርጉም?

እኔ ቱርክኛ ገና ጀማሪ ነኝ። እኛ «በቤት» ስንል ከፊት የምናስቀድመውን «በ»፣ እነሱ «ዴ» ብለው ከቃሉ ጭራ ይቀጥሉታል። ጀልባ ደግሞ «ቴክኔ» ነው።

«ቴክኔዴ!» አልኋቸው፣ ሐይቁን እያሳየሁ።

«ቴክኔዴ?» ብለው እጄን ጭምቅ አደረጉት።

ወዲያው ባልየው ከሩቅ እጃቸውን እያውለበለቡ ብቅ አሉ። እናትዬው እንባቸውን እንኳ ሳይጠርጉ አቀፉኝ።

እህቴ «ለቱርክ ድራማ ብለሽ ነው የምትማሪው» እያለች ትስቅብኝ ነበር። (እውነቷን ነው።) ግን አንዲት ፊደል ሰው አረጋጋች!

እናንተስ፣ በሰው አገር ቋንቋ የቀናችሁ መቼ ነው? እስኪ አጫውቱኝ።